ሞተር አልነሣ ሲል፦ የሞተር ኮምፒዩተር ብልሽትና የምርመራው ፍርድ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




የመኪና ሞተር አልነሣ ባለ ጊዜ፣ የካርቡራተሩ ዘመን መካኒክ የሚመረምራቸው ነገሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ባትሪውን፣ ሞተሪኖውን፣ ቦቢናውን፣ የእሳት ማከፋፈያውን፣ ካንዴላውንና ካርቡራተሩን በተራ አይቶ፣ የቤንዚኑን ሽታ አሽትቶ፣ ብልጭታውን በዓይኑ ተመልክቶ ጥፋተኛውን ያገኝ ነበር። ዛሬ ግን በእነዚህ ሁሉ መካከል የማይታይ፣ የማይሸትና ድምፅ የሌለው አንድ ሠራተኛ ገብቷል። ይኸውም የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው። ሥራው ከዓይን የተሰወረ በመሆኑም ሁለት ተቃራኒ ዕጣዎች ደርሰውበታል፤ አንዱ ባለሙያ ፈርቶ ጨርሶ አይነካውም፤ ሌላው ደግሞ ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ሁሉ የእሱ ነው እያለ ይፈርድበታል።

የዚህ ንግግር ዓላማ በሁለቱ መካከል ያለውን ትክክለኛ መንገድ ማመልከት ነው። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ በሚነሣባቸው ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎም ሲበላሽ ምን ምልክት እንደሚያሳይ፣ በመጨረሻም ጥፋቱ በምን ተራ እንደሚረጋገጥ ይብራራል። የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው፦ ኮምፒዩተሩ በእርግጥ ሊበላሽ ይችላል፤ ነገር ግን መከሰስ ያለበት በመጨረሻ፣ ሊፈረድበት የሚገባውም በመለኪያ ብቻ ነው።

1. ኮምፒዩተሩ ወደ ሞተር የገባበት ምክንያት

ነዳጅን በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ወደ ሞተር የመርጨት ሐሳብ የቆየ ነው። ቤንዲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤሌክትሮጄክተር ብሎ የሰየመው መሣሪያ በ1958 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጥቂት የክራይስለር መኪናዎች ላይ ተገጥሞ ነበር፤ ሆኖም የዚያ ዘመን የኤሌክትሮኒክ ክፍሎች የመኪናን ሥራ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊሸከሙ ባለመቻላቸው ብዙ ሳይቆይ ተተወ። የጀርመኑ ቦሽ በዚሁ መንገድ ቀጥሎ በ1967 እ.ኤ.አ. ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን ሥርዓት በቮልስዋገን 1600 ላይ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ግን መሣሪያው የሚያዘው ነዳጁን ብቻ ነበር፤ እሳቱ በቀድሞው ሥርዓት ለብቻው ይተዳደር ነበር። ነዳጁንና እሳቱን በአንድ ዲጂታል ኮምፒዩተር ሥር ያዋለው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በቢ.ኤም.ደብልዩ 732አይ መኪና ላይ የወጣው የቦሽ ሞትሮኒክ ነው።

ለዚህ ለውጥ ዋነኛ ግፊት የሆነው የአየር ብክለት ሕግ ነው። አሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የንጹሕ አየር ሕግ የመኪናዎችን ጭስ በእጅጉ እንዲቀንሱ ፋብሪካዎችን አስገደደ። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት በሚገባ የሚሠራው ደግሞ የነዳጁና የአየሩ መጠን ያለማቋረጥ በትክክል ሲመጠን ነው፤ ይህንንም ካርቡራተር ሊያደርገው አልቻለም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ እያንዳንዱ አዲስ አውቶሞቢል 16 ቀዳዳ ያለው አንድ ዓይነት የምርመራ ሶኬት እንዲኖረው ተደነገገ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 እ.ኤ.አ. ተመሳሳዩን ደንብ በቤንዚን መኪናዎች ላይ ሥራ ላይ አዋለ።

ከዚህ ታሪክ ለመካኒኩ የሚተርፈው ቁም ነገር አንድ ነው። ነዳጅና እሳት በአንድ እጅ ገብተዋል። ስለዚህ ያ እጅ ቢሽመደመድ ሁለቱም ባንድነት ይቀራሉ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ በቀረ ጊዜ ግን ጥርጣሬው አስቀድሞ መዞር ያለበት ወደዚያው ወደ ጎደለው መሥመር ነው።

2. ቁልፉ ከተዞረ በኋላ

አንድ የቤንዚን ሞተር ለመነሣት የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ከጥንቱ አልተለወጡም። እነርሱም በቂ የመዞር ፍጥነት፣ ደኅና ኮምፕረሽን፣ የተመጠነ የነዳጅና የአየር ድብልቅ፣ እንዲሁም በሰዓቱ የሚደርስ እሳት ናቸው። ኮምፒዩተሩ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሙሉ በሙሉ በእጁ ይዟል፤ በቁልፍ ፈንታ በአዝራር በሚነሡት አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ ሞተሪኖውን የማዘዝ ሥልጣንም በኮምፒዩተር እጅ ነው።

ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሪኖው ገና ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሥራ ይሠራል። ዋናው ሪሌ ይዘጋና ኮምፒዩተሩ ከባትሪው ኤሌክትሪክ ያገኛል። የተቀበለውንም 12 ቮልት በውስጡ ወደ 5 ቮልት ዝቅ አድርጎ ለራሱ አንጎልና ለሴንሰሮቹ ያድላል። የራሱን ማኅደረ ትውስታ ይፈትሻል፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሞተር መብራት ያበራል፤ የነዳጁን ፓምፕ ለ2 ሴኮንድ ያህል አሠርቶ በቧንቧው ውስጥ ግፊት ያዘጋጃል፤ ቁልፉም የዚያው መኪና ቁልፍ መሆኑን ከስርቆት መከላከያው ሥርዓት ያረጋግጣል። የውኃውን ሙቀት ይለካል፤ ብዙዎቹ ሥርዓቶችም በዚሁ ቅጽበት የአካባቢውን የአየር ግፊት ይመዘግባሉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለደጋ አገር ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ግን 101 ኪሎፓስካል ያህል ይሆናል። ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ በአዲስ አበባ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው ማለት ነው። ስለሆነም የግፊት ሴንሰሩ ተሳስቶ የባሕር ዳርቻ ነው ብሎ ቢመሰክር፣ ኮምፒዩተሩ ያለ ጥፋቱ ከልክ ያለፈ ቤንዚን ያፈስና ካንዴላዎቹን ያረጥባል።

ከዚያ ሞተሪኖው ይጀምራል። ሞተሩ በደቂቃ 200 ዙር ያህል ሲዞር፣ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞረው ባለ ጥርስ ጎማ በሴንሰሩ ፊት ያልፋል። በብዙ መኪናዎች ይህ ጎማ ለ60 ጥርስ የተከፈለ ሆኖ ሁለቱ ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው፤ ስለዚህ በ200 ዙር ፍጥነት በየሴኮንዱ 193 ያህል ምልክቶች ወደ ኮምፒዩተሩ ይደርሳሉ። የሁለቱ ጥርሶች ባዶ ቦታ ኮምፒዩተሩ ፒስተኖቹ የት እንዳሉ የሚያውቅበት ምልክት ነው። ይህን ምልክት ካላገኘ ነዳጅም እሳትም አያዝም። አለማዘዙም ከጥፋት ሊቆጠርበት አይገባም፤ ሞተሩ እንደቆመ እየቆጠረ የቆመን ሞተር ቤንዚን ማጠጣት እሳት መጋበዝ ነውና።

ምልክቱን ባገኘ ጊዜ ግን ትእዛዝ ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪናዎች ኢንጄክተሩ አዎንታዊውን ኤሌክትሪክ ከሪሌው ያገኛል፤ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው አሉታዊውን ጫፍ ለጥቂት ሚሊሴኮንዶች ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ይህንን የሚፈጽመው በውስጡ ያለው የኃይል ትራንዚስተር ነው። ቦቢናውም በብዙ መኪናዎች በተመሳሳይ መንገድ ይታዘዛል። ይህ ትራንዚስተር ከሁሉም የኮምፒዩተሩ ክፍሎች ይበልጥ ለውጪው ዓለም የተጋለጠ በመሆኑ፣ አደጋም ሲመጣ በመጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው።

3. ኮምፒዩተሩ በእውነት ሲታመም

የሞተር ኮምፒዩተር የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው፤ እያንዳንዱም በሞተሩ አነሣሥ ላይ የየራሱን ምልክት ይተዋል።

የመጀመሪያው ሙሉ ሞት ነው። የውስጡ የኤሌክትሪክ ማደያ ክፍል ከተቃጠለ ሞተሪኖው ያዞራል፣ ነገር ግን የሞተሩ መብራት አይበራም፣ ፓምፑ አያጉረመርምም፣ የምርመራው መሣሪያ ሲሰካም መልስ የሚሰጥ የለም። ባትሪው በተገላቢጦሽ ታስሮ፣ ወይም ባለ 12 ቮልት መኪና ከከባድ መኪና በ24 ቮልት ተበድሮ እንዲነሣ ተሞክሮ ከሆነ ይህ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው የትራንዚስተር መቃጠል ነው። ትራንዚስተሩ ክፍት ሆኖ ከቀረ የሚያዝዘው ሲሊንደር ይሞታል፤ ሞተሩም ቢነሣ እያነከሰ ነው። ተጣብቆ ከቀረ ግን ኢንጄክተሩ ሳይዘጋ ይውላል፤ ሲሊንደሩም በቤንዚን ይሞላል። ፈሳሽ የማይታመቅ ስለሆነ፣ ይህ ሁኔታ ሳይታወቅ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማዞር የፒስተኑን ዘንግ እስከ ማጉበጥ ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛው የካፓሲተር እርጅና ነው። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው የካፓሲተር ዓይነት በውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር የታወቀ የሙያ መለኪያ ነው። ፈሳሹ ሲያፈተልክ የካርዱን የመዳብ መሥመሮች ይበላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሠሩ አንዳንድ የጃፓን መኪናዎች በዚህ በሽታ በሰፊው ታውቀዋል። ምልክቱም ቀስ በቀስ የሚብስ ነው፤ መጀመሪያ ጧት ጧት ብቻ ያስቸግራል፣ ቀጥሎ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይነሣም፣ ሽፋኑ ሲከፈትም የዓሣ ሽታ የሚመስል ሽታ ይወጣል።

አራተኛው የብየዳ ስንጥቅ ነው። ካርዱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፣ በመንገዱም ንዝረት ይመታል፤ በዓመታት ውስጥ የአንድ እግር ብየዳ በዓይን ለማየት እስከሚያስቸግር ድረስ በቀጭኑ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው መኪና ቀዝቅዞ ይነሣል፣ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ግን ካልበረደ አይነሣም፤ ወይም ተገላቢጦሹ ይሆናል። ብልሽቱም ጋራዥ ሲደርስ የሚጠፋ ስለሆነ ባለ መኪናውን ውሸታም ያሰኘዋል።

አምስተኛው ውኃ ነው። ኮምፒዩተሩ በአንዳንዱ መኪና ከሞተሩ አጠገብ፣ በሌላው ከምንጣፉ ሥር ወይም ከዳሽቦርዱ ኋላ ይቀመጣል። የተደፈነ የዝናብ መውረጃ ወይም በከፍተኛ ግፊት ሞተሩን ያጠበ ሰው ውኃ ካደረሰበት፣ የሶኬቱ እግሮች አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። ከዚያ ወዲያ ምልክቶቹ ሥርዓት የላቸውም፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ይታያል።

4. ሳይታመም የታመመ ሲመስል

እነዚህ በሽታዎች ሁሉ እውነተኞች ናቸው። ሆኖም እያንዳንዳቸውን አስመስሎ የሚመጣ፣ ከኮምፒዩተሩ ውጪ የሆነና ዋጋውም እጅግ የረከሰ ሌላ ምክንያት አለ። ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ሙሉ ሞትን የሚመስለው የተቃጠለ ፊውዝ፣ ያረጀ ዋና ሪሌ፣ ወይም የላላ የግራውንድ ብሎን ነው። ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ ካላገኘ በሕይወት ያለውም ከሞተው አይለይም። ባትሪው ደክሞ ከሆነ ደግሞ ሞተሪኖው ሲጀምር ቮልቱ ወርዶ ኮምፒዩተሩ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይጀምራል፤ እንደገናም ሲጀምር የሞተሩን አቀማመጥ ከመጀመሪያው መፈለግ አለበትና ሞተሩ እየዞረ አይነሣም።

የ5 ቮልቱ መሥመር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አታላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ቮልት ለብዙ ሴንሰሮች በጋራ ስለሚያድል፣ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሽቦው ከግራውንድ ጋር ቢነካካ መሥመሩ በሙሉ ይወድቃል፤ ከዚያው መሥመር የሚመገብ ከሆነም የክራንክ ሻፍቱ ሴንሰር አብሮ ይጠፋል። የሚለካው ሰው በኮምፒዩተሩ እግር ላይ 5 ቮልት ሲያጣ "ማደያው ተቃጥሏል" ለማለት ይቸኩላል። ነገር ግን ሴንሰሮቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ ከመካከላቸው በአንዱ መነቀል 5ቱ ቮልት ተመልሶ ከመጣ፣ ጥፋቱ የተነቀለው ሴንሰር ወይም የሽቦው እንጂ የኮምፒዩተሩ አይደለም።

የስርቆት መከላከያውም እንዲሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ ግዴታ ያደረገው ይህ ሥርዓት፣ በቁልፉ ጭንቅላት ውስጥ ያለችውን ትንሽ መለያ ካላገኘ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን እንዳያስነሣ ያግደዋል። በአንዳንድ መኪናዎች ሞተሩ ተነሥቶ በአንድ ወይም በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ይጠፋል። ቁልፉ ወድቆ መለያዋ ከወጣች ወይም ያለ እሷ የተቀረጸ ቁልፍ ከተሠራ ውጤቱ ይኸው ነው። ከፋብሪካ ውጪ የተገጠመ የማንቂያ ደወልም፣ ሽቦ ቆርጦና በፕላስተር ጠቅልሎ የተገጠመ ከሆነ፣ ለዓመታት ከቆየ በኋላ ይኸንኑ ችግር ያመጣል።

5. የምርመራው ተራ

እንግዲህ ፍርዱ እንዳይዛባ ምርመራው ተራ ሊኖረው ይገባል። ነገሩን ለማብራራት አንድ ምሳሌ እንውሰድ ቢባል፣ ዕድሜው የገፋ አንድ የታክሲ ነጂ ሞተሩ እየዞረ አልነሣ ብሎት መኪናውን በገመድ አስጎትቶ ጋራዥ ደርሷል እንበል። ወጣቱ መካኒክ ካንዴላውን ፈትቶ ብልጭታ አጣ፤ ነዳጅም አልደረሰም።

"ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ ሄዷል፤ ሌላ ይፈለግ" ይላል።

"በምን አወቅህ ልጄ?"

"ሌላው ሁሉማ ደኅና ነው።"

ጥፋቱ ያለው በዚህ በመጨረሻው ቃል ውስጥ ነው። "ሌላው ሁሉ" የተባለው አልተለካም። ነጂው ግን በዚህ ቃል ምክንያት የብዙ ቀን ገቢውን ለአንድ ሳጥን ሊከፍል ነው።

በሥርዓት የሚሄድ መርማሪ ከባትሪው ይጀምራል። ሙሉ የሆነ ባትሪ አርፎ ሳለ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲያዞርም ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ሁለተኛ፣ ቁልፉ ተከፍቶ የሞተሩ መብራት መብራቱን ያያል። መብራቱ በርቶ የምርመራ መሣሪያውም ከኮምፒዩተሩ ጋር ከተነጋገረ፣ ኮምፒዩተሩ ቢያንስ በሕይወት አለ ማለት ነው። መሣሪያው ካልተነጋገረ ደግሞ፣ በምርመራው ሶኬት 16ኛ እግር ላይ የባትሪ ቮልት፣ በ4ኛውና በ5ኛው ላይ ግራውንድ መኖሩ ሳይረጋገጥ ኮምፒዩተሩ ሊታማ አይገባውም።

ሦስተኛ፣ የስርቆት መከላከያው መብራት ምን እንደሚል ተመልክቶ፣ ሁለተኛ ቁልፍ ካለ በእሱ ይሞክራል። አራተኛ፣ የጎደለው እሳቱ ብቻ ነው፣ ነዳጁ ብቻ ነው፣ ወይስ ሁለቱም ናቸው ብሎ ይለያል። በምሳሌው እንደተባለው ሁለቱም ከቀሩ የሚፈለገው የጋራ ምክንያት ነው፤ ይኸውም የኮምፒዩተሩ ምግብ፣ የ5 ቮልቱ መሥመር፣ የክራንክ ሻፍቱ ምልክት፣ የስርቆት መከላከያው፣ በመጨረሻም ራሱ ኮምፒዩተሩ ነው።

አምስተኛ፣ የኮምፒዩተሩን ምግብ በራሱ ሶኬት ላይ፣ ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ይለካል። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ የሚለው ቃል የምርመራው ሁሉ ልብ ነው። ከብዙ ክሮች አንዲት ብቻ የቀረችለት ሽቦ በኦም መለኪያ ሲታይ ፍጹም ጤነኛ ይመስላል፤ የመለኪያው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ በዚያች ክር ያልፋልና። ጭነት ሲመጣ ግን አትችልም። ስለዚህ የሚለካው በሥራ ላይ በመሥመሩ የሚጠፋው ቮልት ነው። ከኮምፒዩተሩ የግራውንድ እግር እስከ ባትሪው አሉታዊ ጫፍ ድረስ የሚጠፋው ከ0.1 ቮልት ብዙ መብለጥ የለበትም።

በምሳሌው መኪና ላይ ይህ ልኬት ቁልፉ ተከፍቶ ብቻ 0.05 ቮልት፣ ሞተሪኖው ሲያዞር ግን 3 ቮልት ሆኖ ተገኘ እንበል። ባትሪው በዚያን ጊዜ 10.2 ቮልት ይሰጣል፤ ለኮምፒዩተሩ የሚደርሰው ግን 7.2 ብቻ ነው። ሽቦው ተከትሎ ሲታይ በሞተሩ ላይ የታሰረበት ብሎን፣ ቀደም ሲል ሞተሩ በተጠገነ ጊዜ በሚገባ ሳይጠብቅ ቀርቶ ዝጓል። ብሎኑ ተፈትቶ፣ ቦታው ተፍቆና ተጠርጎ ሲጠብቅ ሞተሩ ይነሣል። ሌላ ኮምፒዩተር ቢገዛ ኖሮ ግን፣ አዲሱም በዚያው ብሎን ላይ ታስሮ፣ መኪናው እንደቆመ፣ የነጂው ገንዘብ ብቻ ይሄድ ነበር። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚባለው ይኸው ነው።

ብሎኑ ደኅና ቢሆን ኖሮ ምርመራው ይቀጥላል። ስድስተኛ፣ የ5 ቮልቱ መሥመር ይለካል። ሰባተኛ፣ የክራንክ ሻፍቱ ምልክት ይታያል፤ ኦሲሎስኮፕ ያለው የሞገዱን ቅርጽ ያያል፣ የሌለው በምርመራ መሣሪያው ላይ ሞተሪኖው ሲያዞር የዙሩ ቁጥር መውጣቱን ይመለከታል። ስምንተኛውና የመጨረሻው፣ መግቢያዎቹ ሁሉ ትክክል መሆናቸው በቁጥር ከተመዘገበ በኋላ በመውጫው እግር ላይ ትእዛዝ መኖሩን ማየት ነው። የሚገባው ሁሉ ገብቶ የሚወጣው ካልወጣ፣ ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ጥፋተኛ ነው። ፍርዱም ይግባኝ የለበትም።

6. ስለ መተካትና ስለ ጥበቃ

ኮምፒዩተሩ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝም ሥራው አላለቀም። ትራንዚስተር ያለ ምክንያት አይቃጠልምና፣ ያቃጠለው ቦቢና ወይም ኢንጄክተር በቦታው እያለ አዲስ ኮምፒዩተር መግጠም ሁለተኛውን ለእሳት ማቀበል ነው። ስለዚህ አዲሱ ከመሰካቱ በፊት እያንዳንዱ ኢንጄክተርና ቦቢና ሊለካ ይገባዋል። በብዙ መኪናዎች ዘንድ ያለው የኢንጄክተር ዓይነት ከ11 እስከ 16 ኦም ያህል ያሳያል፤ ከዚህ በጣም ያነሰ ካሳየ የውስጡ ጥቅል ተነካክቷል ማለት ነው።

ከሌላ መኪና የተፈታ ኮምፒዩተር መግጠምም መልኩ አንድ ስለሆነ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የክፍል ቁጥር መግጠም አለበት፤ ቁጥሩ ቢገጥምም በውስጡ የተመዘገበው የቀድሞው መኪና የስርቆት መከላከያ ስለሆነ አዲሱን ቁልፍ አያውቀውም። እንዲያውቀው በምርመራ መሣሪያ ማስተዋወቅ ወይም ማኅደሩን ከአሮጌው ወደ አዲሱ መቅዳት ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ "ሁለተኛውም ኮምፒዩተር የሞተ ነው" ተብሎ ሦስተኛ የሚገዛበት ጊዜ አለ።

ጥበቃውን በተመለከተም ካለፈው ዘመን የተወረሱ አንዳንድ ልማዶች ሊቀሩ ይገባል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ዲናሞው መሥራቱን መፈተን፣ ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ብዙ ጉዳት አልነበረውም፤ ዛሬ ግን ባትሪው በድንገት ሲለይ፣ መከላከያ ከሌለ፣ በመሥመሩ ላይ የሚነሣው ቮልት ለአፍታ እስከ 100 ሊጠጋ ይችላል። ሻንሲ ሲበየድም ባትሪው ሊፈታ፣ የኮምፒዩተሩም ሶኬት ሊነቀል ይገባል። ሶኬቱ ደግሞ ቁልፉ ክፍት ሆኖ መነቀልም መሰካትም የለበትም።

7. የባለሙያው ኃላፊነት

የዚህ ሁሉ ጉዳይ ክብደት ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። ይህም ማለት በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ከነኮምፒዩተሮቻቸው እያረጁ፣ ተተኪ ሳጥንም እንደ ልብ ሳይገኝ፣ ለብዙ ዓመታት መጠገን አለባቸው ማለት ነው። አንድ ጤነኛ ኮምፒዩተር በከንቱ ተፈርዶበት በተጣለ ቁጥር የሚጎዳው አንድ ባለ መኪና ብቻ አይደለም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ሲመጣም የምርመራው ሕግ አልተሻረም፤ ይልቁንም በረታ። ያ መኪና በብዙ መቶ ቮልት የሚቆጠር ባትሪ ተሸክሞ ሳለ፣ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ከደከመች ኮምፒዩተሮቹ አይነቁም፤ ኮምፒዩተሮቹም ካልነቁ የትልቁን ባትሪ መገናኛ የሚዘጋ የለም። መኪናው ሙሉ ኃይል ይዞ እንደ ድንጋይ ይቆማል። በዚያም ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው የጥንቱ ነው፦ ምግቡ ደርሷል ወይ?

ስለሆነም ለማኅበሩ አባላትና ለሚያሠለጥኗቸው ወጣቶች አንድ ቀላል ልማድ ሊመከር ይገባል። አልነሣ ላለ መኪና ሁሉ በአንዲት ወረቀት ላይ የሚከተሉት ቁጥሮች ይጻፉ፦ የባትሪው ቮልት በዕረፍትና ሞተሪኖው ሲያዞር፣ በኮምፒዩተሩ ሶኬት ላይ የተለካው ምግብና ግራውንድ፣ የ5 ቮልቱ መሥመር፣ የክራንክ ሻፍቱ ምልክት፣ የኢንጄክተሮቹና የቦቢናዎቹ ኦም። ወረቀቷም ለባለ መኪናው ትሰጥ። ቁጥሮቹን ባያነባቸው እንኳ ሌላ ባለሙያ ያነብለታል። እነዚህን ለመለካት የሚያስፈልገው መልቲሜትር ተራ መሣሪያ ነው፤ ጊዜውም ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም።

ኮምፒዩተሩ በሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ለራሱ መከራከር የማይችል ተከሳሽ ነው። ባለ መኪናውም ፍርዱን መርምሮ ይግባኝ ለማለት የሚያስችል እውቀት የለውም። በሁለቱ ዝምተኞች መካከል የቆመው መካኒክና መሐንዲስ እንግዲህ ከሳሽም፣ መርማሪም፣ ዳኛም ሆኖ ይሠራል። ሦስቱን ሥልጣን ለብቻው የያዘ ሰው ደግሞ ቢያንስ ፍርዱን በቁጥር ጽፎ ማስረከብ ይገባዋል።